ቤቱ የትም አይሄድም

የአውሮፓ የወጣቶች ፖሊሲ በካልሲው ቆሟል። በኢስቶኒያ፣ በሶሳሬ የወጣቶች ቤት ማንም ሰው ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ አማካሪም ይሁን ሚኒስትር። ስለዚህ ከየአገሩ የመጡት እንግዶች፣ አንገታቸው ላይ የስም ካርድ ያንጠለጠሉት የተከበሩ ሰዎች፣ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ ከቦት ጫማቸው ጋር ይታገላሉ። የአንዱ ረጅም ቤልጂየማዊ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ኖሮ፣ ሰውየው አንዱን እግሩን በሌላው ይሸፍናል። ኡርቬ ይህን ስታይ ፈገግ አለች። ሰው በካልሲው ሲቆም ብዙ አይዋሽም የሚል የቆየ እምነት ነበራት። እምነቷም እስከ ምሳ ሰዓት ቆየላት።

ኡርቬ የቤቱ የወጣቶች ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ሁልጊዜ ትቸገራለች፤ አስተማሪ አይደለችም፣ ፖሊስ አይደለችም፣ እናትም አይደለችም። ከትምህርት ቤት መልስ በሩን ትከፍታለች። የመጣውን ልጅ ምን እንደ በላ ትጠይቃለች፣ የተጣላውን ትገላግላለች፣ ዝም ያለውን ደግሞ እስኪናገር ድረስ አብራው ዝም ትላለች። የሶሳሬ ሰዎች ለረጅም ጊዜ «የፒንግፖንግ ጠባቂዋ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ከነሱ ጋር ትስቅ ነበር፤ የሚስቁት ሰዎች ልጆች ማታ ማታ የሚመጡት እሷ ዘንድ ነበርና።

አሁን ከጎኗ የቆመችው ኬትሊን ትባላለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የቤቱን የወጣቶች ጉባኤ የምትሰበስበው እሷ ናት፤ ከበሮም ትመታለች። አባቷ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ቀን ቀን ይተኛል፤ ስለዚህ ኬትሊን እቤቷ በሹክሹክታ ትኖርና እዚህ መጥታ ትጮኻለች። ለዛሬ አስተርጓሚ ተደርጋለች። ኡርቬ ከኢስቶኒያኛ ሌላ ራሽያኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ እንግሊዝኛዋ ግን ሻይ ከመጋበዝና ከማመስገን አያልፍም።

«ኡርቬ፣ ነግሬሻለሁ፣ እንደ ቄስ ስብከት እንዳታንዛዢው» አለቻት ኬትሊን በጆሮዋ። «አጭር አጭር አድርጊልኝ። ትንፋሽ የለኝም።»

«ከበሮ ስትደበድቢ ትንፋሹ ከየት ይመጣል?»

«እሱ እጅ ነው። ይሄ ጭንቅላት ነው።»

«ጭንቅላት ካለሽ ማስቲካውን ትፊው።»

ኬትሊን ማስቲካውን ተፍታ በወረቀት ጠቀለለችው። ዛሬ ጠጉሯን እንኳ አበጥራለች። ልጆቹ ሁሉ ቀኑን በጉጉት ነበር የጠበቁት፤ ከመላው አውሮፓ የወጣቶችን ሥራ ለማጠናከር የሚመክሩ ሰዎች፣ ከዋና ከተማው አዳራሽ ተነስተው፣ በጭቃና በበረዶ መንገድ እነሱን ሊያዩ መምጣታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ቤታቸው ምሳሌ ሆኗል ተብሏል። ይህን ማን እንዳለው ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ይህን ያለው ራይቮ ነው። እንግዶቹን ይዞ የመጣውም እሱ ነው። ራይቮ የዚህ ቤት ልጅ ነበር። አንድ ክረምት የእንጀራ አባቱ ከቤት ሲያባርረው፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ በዚህ በር የገባ ልጅ ነበር፤ ኡርቬም ሶፋውን አንጥፋለት፣ በማግስቱ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ አስቀርጻ ሰጥታዋለች። ሕጉ አይፈቅድም ነበር፤ እሷ ግን ሕጉን ከልጁ በኋላ ነበር ያነበበችው። ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የጎተጎተችው እሷ፣ ሲመረቅ በእናቱ ቦታ የተቀመጠችው እሷ ነች። ትንንሾቹ ወረዳዎች ተዋህደው አንድ ትልቅ ወረዳ ሲሆኑ ራይቮ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ሆነ፤ በየአገሩ ስብሰባም ስሙ ይጠራ ጀመር። ኡርቬ በገበያ ላይ ሰው ባገኘች ቁጥር «የኛ ራይቮ» ማለት ታበዛ ነበር።

ዛሬ ከመኪና ሲወርድ በጎን በኩል አቀፋትና ቶሎ ለቀቃት። እንግዳ በዝቶበት ነው ብላ አለፈችው።

ጉብኝቱ አማረ። ልጆቹ የሙዚቃ ክፍሉን አሳዩ፤ ወጥ ቤቱን አሳዩ፤ ቀለሙን ለመምረጥ አንድ ሙሉ በጋ የተጨቃጨቁበትን ግድግዳም አሳዩ። ግድግዳው በመጨረሻ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ግን ማንም ያልፈለገው ዓይነት አረንጓዴ።

«ዲሞክራሲ ማለት ይሄ ነው» አለ አንዱ ልጅ። «ሁላችንም እኩል ጠልተነዋል።»

ኬትሊን ስትተረጉመው እንግዶቹ ሳቁ፤ ካልሲው የተቀደደው ቤልጂየማዊ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኡርቬ ራቅ ብላ ቆማ አየቻቸው። ባለፈው ክረምት ቤቱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ልጆቹ ተሰብስበው ሲጠይቋት ለራይቮ ደወለች፤ እሱም «ቤቱ የትም አይሄድም» አላት። እሷም ተመልሳ በልጆቹ ፊት ማለች። «ስለ እናንተ ያለ እናንተ አይወሰንም፤ ራይቮ ደግሞ አይዋሸኝም» ነበር ያለቻቸው። ኬትሊን ያን ቀን «ቃልሽ ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር፤ ቃሏን ሰጠች። እና አሁን ይኸው፣ ዓለም መጥቶ ግድግዳቸውን ያያል። ጥሩ ነው፣ አለች በልቧ፣ ጥሩ ነው።

ነገሩ የመጣው ምሳ ላይ ነው። ጥቁር ዳቦና የተጨሰ ዓሣ ቀርቦ ሁሉም በየጥጉ ቆሞ ሲበላ፣ ኢልዳ የምትባል ጠጉሯ የሸበተ ፖርቱጋላዊት ሳህኗን አስቀምጣ ወደ ኡርቬ መጣች። ኢልዳም ድሮ በአገሯ የወጣቶች ሠራተኛ ነበረች፤ ዛሬ ፖሊሲ ትጽፋለች። የኡርቬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መናገር ጀመረች። ኬትሊን ዳቦዋን እያኘከች ተረጎመች።

«ትናንት በአዳራሹ አይተንሻል ትላለች። ፎቶሽን ማለቷ ነው።»

«የኔን ፎቶ? የት አግኝተውት?»

«ራይቮ አሳይቷቸው። ያልሽውንም አነበበላቸው። "የወጣቶች ሥራ ቤት አይደለም፣ ግንኙነት ነው" ያልሽው። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ ትላለች።»

ኡርቬ እንደ ልጃገረድ ፊቷ ቀላ። ነገሩን አስታወሰች። በመጸው ወራት ራይቮ ደውሎ፣ አንድ ጽሑፍ ጀምሮ ቃል እንደ ጠፋበት፣ የወጣቶች ሥራ ምን እንደሆነ ባጭሩ እንድትነግረው ለመናት። እሷ ምድጃው ላይ ሾርባ እያማሰለች፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ነበር የመለሰችለት። የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚሉት ነገር ነው፤ እሷ ግን ትንሽ አሳመረችውና «ቤቱ ነገ ቢቃጠል እንኳ ሥራው ይቀጥላል» ብላ ጨመረችበት። ያን ዕለት ኮርታ ነበር የተኛችው።

ኢልዳ ንግግሯን ቀጠለች። ኬትሊን ማኘኳን አቆመች።

«ምን አለች?» አለች ኡርቬ።

ኬትሊን ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ኬትሊን፣ ምን አለችኝ?»

«እንኳን ደስ አለሽ አለችሽ።»

«ለምኑ?»

ኢልዳ አለመግባባት ያለ መሰላትና ስልኳን አውጥታ ትናንት ከአዳራሹ ስክሪን ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻት። ኡርቬ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስቃ ትታያለች። ከሥሯ ያ ንግግሯ በጎላ ፊደል ተጽፏል። ከዚያ በታች የቤታቸው ሥዕል አለ፤ ከቤቱ ቀስት ይነሳና ወደ አንድ ነጭ ሚኒባስ ይሄዳል። ቀስቱን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም ነበር።

«ቤቱን በራስሽ ፈቃድ ዘግተሽ፣ በመኪና ወደየመንደሩ ልትሄጂ መወሰንሽ ትልቅ ድፍረት ነው ትላለች» አለች ኬትሊን፣ ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ ደርቆ። «በኛ አገር ማንም ሠራተኛ ቤቱን እንዲህ በገዛ እጁ አይለቅም ትላለች። ልጆቹስ እንዴት ተቀበሉት ብላም ትጠይቅሻለች።» ቀና ብላ አየቻት። «ምን ልበላት?»

«አላውቅም ነበር። ኬትሊን፣ እውነቴን ነው፣ ይህን ነገር አሁን ነው የማየው።»

«ፎቶው ግን ያንቺ ነው።»

«የኔ ነው።»

«ንግግሩም?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ኬትሊን ለፖርቱጋላዊቷ አንድ ሁለት ቃል ብላት ወደ ሙዚቃው ክፍል ሄደች፤ ሌሎቹም ልጆች አንድ በአንድ ተከተሏት። የክፍሉ በር ተዘጋ፤ ከበሮ ግን አልተሰማም።

ራይቮ ከቤቱ ጀርባ፣ የማገዶ ቁልሉ አጠገብ ስልክ ያወራል። ለማገዶ መውጫ የተቀመጠውን የጎማ ጫማ ተጫምቶ፣ ካፖርቱን በትከሻው ጣል አድርጓል። ኡርቬን ሲያይ ስልኩን ዘጋው። ምን እንደመጣ ከፊቷ አነበበ።

«ማታ ልነግርሽ ነበር» አለ። «ሰዎቹ እንደሄዱ።»

«ለነሱ ከነገርክ በኋላ።»

«ኡርቬ፣ ስሚኝ። ያለቀ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ዛሬ ማታ ያጸድቀዋል። ቤቱ ለዓሣ አጥማጅ ቱሪስቶች ማረፊያ ይሆናል። አንቺ ግን የትም አትወድቂም፤ መኪናው ያንቺ ነው፣ እኔው ነኝ ያንቺ እንዲሆን ያደረግሁት። ማንም ያልደረሰባቸው መንደሮች አሉ። እዚያ ያሉት ልጆችስ ልጆች አይደሉም?»

ይህኛው ጥያቄ ትክክል ስለነበር ይበልጥ አሳመማት።

«ልጆች ናቸው። ባለፈው ክረምት ግን ጠይቄህ ነበር። ምን አልከኝ?»

«ቤቱ የትም አይሄድም አልኩሽ።» ልጅ ሆኖ ጥፋቱ ሲያዝበት እንደሚያደርገው በከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ። «የትም አልሄደም እኮ። እዚሁ ነው።»

ኡርቬ ልትመታው ቃጣት። በዚህ ሁሉ ዘመን ልጅ መትታ አታውቅም።

«እኔ እኮ ያንን ይዤ ማልኩላቸው፣ ራይቮ። አይዋሸኝም ብዬ ማልኩላቸው!»

«አልዋሸሁሽም።»

«በኔ ስም ነው የሸጥከው።»

«በማን ስም ላድርገው ታዲያ?» አለ፤ አሁን ድምፁ ከፍ አለ። «ከኔ አፍ ቢወጣ ቁጠባ ይሉታል። ካንቺ አፍ ሲወጣ እምነት ይሆናል። አንቺ ካልሽው በኋላ ማን ይከራከራል? ምክር ቤቱ ውስጥ ቤቱን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ያንቺን ቃል ሳነብላቸው ነው ዝም ያሉት። አንቺ ነሽ ደግሞ ያስተማርሽኝ፤ ግድግዳ ምንም አይደለም ትይን ነበር።»

«ግድግዳው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምለው የነበረው!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አንተ ልጅ ሆነህ፣ ያባረሩህ ክረምት የመጣኸው መኪና ዘንድ ነበር? ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣ መኪና ዘንድ?»

ራይቮ የጎማ ጫማውን አየ።

«ዛሬን ብቻ» አለ። «ሰዎቹ ፊት እንዳታዋርጂኝ። እነዚህ ሰዎች የሚጽፉት ነገር በየአገሩ ይሄዳል። ለሥራው ስትይ፣ ለኔ ብለሽ አይደለም።»

ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚለውን ኡርቬ ሌሎች ሰዎች ሲሉት ሰምታ አታዝንላቸውም ነበር፤ ለምን አጎረስሽ ትል ነበር፣ እንድትመሰገኚ ነው? አሁን ማጉረሷ አልቆጫትም። የቆጫት በሌላው ልጅ ፊት፣ በኬትሊን ፊት፣ የሱን ቃል እንደ ራሷ ቃል አድርጋ መስጠቷ ነው። ሌላው ሁሉ ይለፍ፤ ቤቱም ይሂድ፤ ኬትሊን ግን ሸጠችኝ ብላ እንዳትሄድ። ይህ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ስብሰባው የሚዘጋው እንደ ሙያው ልማድ ነበር። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጥና እያንዳንዱ ሰው ከዚህ ቤት ምን ይዞ እንደሚሄድ ባጭሩ ይናገራል። ልጆቹ ተጠርተው መጡ፤ በአንድ ወገን ተጠጋግተው ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ኬትሊን አልተረጉምም ትላለች ብላ ኡርቬ ፈርታ ነበር። መጣች። አንድ ወንበር መሐላቸው አስቀርታ ተቀመጠች።

ቤልጂየማዊው አረንጓዴውን ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ አለ። አንዲት ጀርመናዊት ሳቁን፣ ሌላው ዳቦውን ይዘው እንደሚሄዱ ተናገሩ። ኢልዳ የኡርቬን ድፍረት ይዤ እሄዳለሁ አለች፤ ኬትሊንም ሳትሰናከል ተረጎመችው። ልጆቹ ተራቸው ሲደርስ አንዱ ለሌላው አሳለፈው። ራይቮ አጭር ምስጋና አቀረበ። ተራው ኡርቬ ዘንድ ደረሰ።

ኡርቬ መላውን አስባበት ነበር። ለብቻዋ ብታናግራት ኬትሊን አትሰማትም፤ እዚህ ግን የምትለው ነገር ሁሉ በኬትሊን አፍ ማለፍ አለበት። በራሷ አፍ ያለፈውን ነገር እንዴት ሳታምነው ትቀራለች? እንዲህ ነበር ያሰበችው። ተነስታ ቆመች። እንደ ቄስ ስብከትም አላንዛዛችውም።

«ያ ንግግር የኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት፤ አልክድም።»

ኬትሊን ተረጎመች።

«ቤቱ እንደሚዘጋ ግን የሰማሁት ዛሬ ምሳ ላይ፣ ከእናንተ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። እነዚህንም ልጆች ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ተታልያለሁ፤ እነሱን ግን አላታለልኩም።»

ኬትሊን ቀና ብላ አየቻት። አስተያየቷ ረጅም ነበር፤ ኡርቬም ዓይኗን ሳትሰብር ተቀበለችው። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ ተናገረች።

አጭር ነበር፤ በጣም አጭር። «ቤት» የሚለው ቃል አልነበረበትም፣ «ልጆች» የሚለውም አልነበረበትም፤ እነዚህን ሁለቱን እንኳ ኡርቬ በእንግሊዝኛ ታውቃቸዋለች። መጨረሻው ላይ የነበረውንም ቃል ታውቀዋለች፤ ምስጋና ነበር።

እንግዶቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት ልጆች ሁሉ የጎደለው ገብቷቸዋል፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም። ራይቮም ገብቶታል። አንድ ቃል ቢናገር ግማሹን ሊሞላላት ይችል ነበር። ኡርቬ አየችው፣ ጠበቀችውም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ከዚያም እጆቹን አንስቶ ከሰዎቹ ጋር አጨበጨበ።

«ኬትሊን» አለች ኡርቬ በጭብጨባው ውስጥ። «ግማሹን ተውሽው።»

«ያመንኩትን ነው የተረጎምኩት» አለች ኬትሊን፤ ተነስታም ወንበሯን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንቱ አለቻት።

ኡርቬ ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደች። ኢልዳ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ ደረሰችባትና አቀፈቻት፤ ሽበቷ የኡርቬ ጉንጭ ላይ አረፈ፤ ሞቅ ያለ፣ ከልብ የሆነ እቅፍ ነበር። በፖርቱጋላዊቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ ልጆቹ በመተላለፊያው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያጠልቃሉ። «አላውቅም ነበር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈለገች፤ አጣችው። ያገኘችው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ኖ» አለች። «ኖ፣ ኖ።»

ኢልዳ ትሕትና መሰላትና ይበልጥ አጥብቃ አቀፈቻት።